የጆሮዋ ማስረጃ

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። "አባዬ፣ ለግድግዳው ከምታወራ እዚህ ላይ ጻፈው" አለችኝ። እኔ ለግድግዳ አላወራም፤ ለእናቷ ነው የማወራው። እናቷ ጀርባዋን ከሰጠችኝ ግን ያው ግድግዳ ማለት ናት፤ ምንም አትሰማም።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የሥራዬ ግማሹ መቀስ ነው፣ ግማሹ ወሬ። ደንበኞቼ ራዲዮ ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ልጃችን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነበረች። እዚያ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ የማሽኑ ጩኸት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጥርስም ይገባል። ጆሮዋ ቀስ በቀስ ከዳት፤ አምና ጭራሽ "ለሥራው አትሆኚም" ብለው አሰናበቷት። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የገባላቸው ኢንሹራንስ አለ። ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ከሆነ ካሳ ይከፍላል፣ የመስሚያ መሣሪያም ይገዛል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሐኪም ማስረጃ።

ዛሬ ሆስፒታል ሄደን ያንኑ ጀመርን። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ አንድ ዓይኑ በሽተኛው ላይ፣ አንድ ዓይኑ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ላይ ነው። እሷን ሲጠይቅ እኔ መለስኩለት፤ አለዚያ እዚያው ይመሽብን ነበር። መቼ እንደጀመራት፣ በልጅነቷ ምን እንዳመማት፣ አንድ ሳላስቀር አስረዳሁት። እሱም ሲጽፍ ቆየ። እሷ አፌን አፌን ታየኝ ነበር። የሆነ ነገር ልትል የፈለገች መሰለኝ፤ ግን ጨርሰን ወጣን።

ሐሙስ

ኢንሹራንስ ሄድኩ። "ማህተም የለውም።" ሆስፒታል ተመለስኩ። ማህተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ዝናብ። ጫማዬ ውሃ ያስገባል። ሱቅ ዘግቼ ዋልኩ።

ዓርብ

ማህተሙ ተመታ። አስገባሁ። ቤት ስደርስ ለባለቤቴ አውራ ጣቴን አሳየኋት። "አለቀ?" አለች። አለቀ አልኳት፤ ጮኼ። ልጄ ከጓዳ "አባዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እኮ ሰማህ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ

አላለቀም።

የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሴት ናት፤ ወረቀቱን ወደኔ አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። "ታካሚዋ ከልጅነት ጀምሮ ጆሮዋ ይመግል እንደነበር ተገልጿል" ይላል። "ሕመሙ ከሥራው በፊት የነበረ ከሆነ እኛ ልንከፍል አንችልም" አለች። ሥራ ከመግባቷ በፊት ጤነኛ እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ፣ ጉዳቱ ከማሽኑ ጩኸት መምጣቱን የሚያረጋግጥ የአንገት በላይ ሐኪም ወረቀት፣ የሆስፒታሉ ካርድ ሙሉ ቅጂ አምጡ አለች። ይህን ሁሉ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለባለቤቴ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ተቀመጠችና ደግማ አነበበችው። "ጆሮዋ ይመግል የነበረው እኮ ታናሽ እህቴ ናት" አለች። "ማን ነው ይሄን የነገረው?"

እነዚህ ወጣት ሐኪሞች እንደሆኑ ሰው ሲናገር አይሰሙም፤ የመጣላቸውን ይጽፋሉ። እንዲህ አልኳት። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ።

ረቡዕ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ ነው የተሳሳተው። እኔ ስለ እህትየዋም አንስቼ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቅ ምን ልበል? ለይቶ መጻፍ የእሱ ፈንታ ነው።

ሰኞ

ካርድ ክፍል። መስኮቷ ትንሽ ናት፤ ጎንበስ ካላሉ የውስጡ ሰው አይታይም። ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ስንዱ ነው፣ ግን ካርዶቹ የሉም። "ዕቃ ቤቱ ውሃ ስለገባበት ከፊሉን ወደ ሌላ ክፍል አዛውረነዋል፤ እስኪስተካከል ተመላለሱ ጋሼ።" ወጣቱ ሐኪምስ? "ወደ ሌላ ሆስፒታል ተቀይሯል።" ወዴት? "እሱን አስተዳደር ይጠይቁ።" አስተዳደር ሄድኩ። አስተዳደር ካርድ ክፍል ጠይቅ አለኝ።

ሱቅ ስመለስ አንድ የቆየ ደንበኛዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ምላጩን እያንሸራተትኩ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጨረስኩት። በመስታወት አየኝና "ራዲዮ ባትሪ ጨረሰ እንዴ?" አለ። ሳቅኩለት። ስወጣ ስገባ የሰፈሩ ሰው የሚያወራውንም ነገረኝ፤ "ካሳ ፈልጎ ሚስቱን ደንቆሮ አስባላት" ይላሉ አሉ። "አንተ አልሰማህም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ከዚያ የተናገረው ገባውና ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሐሙስ

ዛሬ እሷንም ይዤ ሄድኩ፤ ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ ስላሉ። ኮሪደሩ ላይ ከወዲያ ማዶ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳትና መስኮቷ ጋ ቆምኩ። ሰውዬው ሙሉ ስሟን፣ የትውልድ ዘመኗን፣ መጀመሪያ የታከመችበትን ቀን ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ አለ። መድከሜም ነበር፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍም ይገፋኝ ነበር። "ደንቆሮ ናት እኮ! እሷን ጠይቀህ ምን ልታገኝ ነው? እኔን ጠይቀኝ፣ እሷ ምን ታውቃለች" አልኩት። በቀስታ ነው የተናገርኩት። ዘወር ስል አግዳሚው ባዶ ነበር።

በዝናብ በእግሯ ወደ ቤት ሄዳለች። ስደርስ ልብሷን ለውጣ ተኝታለች። ምን ሆንሽ ብላት "ደከመኝ" አለች። ሁላችንም ደክሞናል።

ቅዳሜ

አላናገረችኝም። ብርዱ ይሆናል።

ማክሰኞ

ሞተር ሳይክል ገጫት። ከኋላዋ ጥሩምባ ሲነፋ አልሰማችም። ጉልበቷ ተልጧል፣ ክርኗ አብጧል፤ ሌላ ምንም የለም ይመስገን። ሞተረኛው "እናቴ፣ ስነፋ ነበር እኮ፣ ስነፋ ነበር" እያለ ሊያለቅስ ደርሶ ቤት ድረስ ይዟት መጣ። ልጄ ቁስሏን ስታጥብላት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መሣሪያው ቢኖራት ኖሮ። ማስረጃው ቢኖር ኖሮ።

ያንን ቀን ሐኪሙ ጋ አፌን ብዘጋ ኖሮ የሚለውን አልጽፈውም።

እሁድ

አንድ ነገር አየሁ።

ከሰዓት ሱቅ ዘግቼ ቀደም ብዬ ገባሁ። ልጄና እናቷ ጓዳ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ሁለቱም ግን ይስቃሉ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ጠጋ ብዬ ሳይ ልጄ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ የለውም። እናትየዋ ትመልሳለች፣ ያለ ድምፅ። ልጄ ዞር ስትል አየችኝና ደነገጠች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"የሽመና ክፍል ወሬ ነዋ" አለች። "እዚያ ድምፅ ስለማይሰማ ሁሉም ሴት አፍ እያየ ነው የሚያወራው። ለእኔ ከልጅነቴ ነው ያስተማረችኝ። አንተ አታውቅም ነበር?"

አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ሚስቴ ሰው ፊቱን ወደ እሷ ካዞረ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ የሚያወራውን እንደምታነብ አላውቅም ነበር። እኔ ለካ ስጮህባት የኖርኩት በከንቱ ነው። መጮህ አፍን ያበላሻል፣ አለች ልጄ፤ ሲጮህ ከንፈር ይጣመማል፣ አይነበብም። ዝግ ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነው።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

ከዚያ ኮሪደሩ ትዝ አለኝ። እኔ ከመስኮቷ ጎን ዞሬ ነበር የቆምኩት፣ ፊቴ በከፊል ወደ አግዳሚው። ደንቆሮ ናት ያልኩትን። ምን ታውቃለች ያልኩትን። ከዚያ በፊትስ? ከእህቷ ጋር ሳወራ፣ ከደንበኛ ጋር በር ላይ ቆሜ፣ እሷ በመስኮት እያየችኝ? ስንት ዓመት ሙሉ የተናገርኩትን አንድ በአንድ ላስታውስ ሞከርኩና ተውኩት።

እሁድ፣ ማታ

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መብራቱ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ወንበሬን አዞርኩ። ዝግ ብዬ፣ ሳልጮህ፣ "ኮሪደሩ ላይ ያልኩትን አይተሻል" አልኳት።

"አይቻለሁ።"

"ሐኪሙ ጋ ያልኩትንስ?"

"በልጅነቴ ጆሮዬ ይመግል ነበር ስትል? አይቻለሁ። ላስቆምህ ስል ወደ ሌላ ወሬ ገባህ።" ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ የጠበቅኩት አንተ ራስህ ሄደህ 'ተሳስቼ ነው' እንድትል ነበር። አንተ ግን ሐኪሙን ስትሰድብ ከረምክ።"

አፍሬያለሁ አልኳት። ሌላ ብዙ ነገር ልጨምር ነበር፤ አፌን ስታየው ጊዜ ግን ዘጋሁት።

"ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሄደው" አለች። "አንተ ሱቅህን ክፈት።"

ረቡዕ

ሱቅ ዋልኩ። መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። ብቻዋን ምን ትሆን ይሆን እያልኩ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነበር።

ማታ ስትነግረኝ እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ካርድ ክፍል ሄዳ መስኮቷ ጋ አላጎነበሰችም፤ በሩን አንኳኩታ ገባች። ሰውዬውን "ወደ እኔ ዞረህ ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም እንጂ ዓይኔ ያያል" አለችው። አብራው የተዛወሩትን ካርዶች ስትፈልግ ዋለች። ሰውዬው መሰላል ይዞላት ነበር አሉ። ካርዷን ከላይኛው መደርደሪያ፣ የሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ገብቶ አገኘችው። ከነማህተሙ ቅጂውን ሰጣት። እኔ ስንት ቀን የቆምኩባት መስኮት!

ሰኞ

ቀሪው ፋብሪካው ነው። ሥራ ስትቀጠር ጆሮዋን የመረመሯት ወረቀት እዚያ ክሊኒክ ውስጥ አለ። ነርሷን ባለፈው በስልክ ለምኛት ነበር፤ "ከላይ ካልታዘዝኩ አላወጣም፣ እንጀራዬ ነው" ብላ ዘግታብኛለች። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። "ልክ ናት" አለች። "ስልክ ማን ይሰማል?"

ሐሙስ

ዛሬ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ።

የጠዋት ፈረቃ ሲወጣ ከፋብሪካው በር ትይዩ ቆማ የድሮ ባልደረቦቿን ጠበቀቻቸው። ስላለችበት ነገር ነገረቻቸው፤ ያለ ድምፅ፣ መንገድ ማዶ ሆና። ከመሀላቸው አንዷ፣ ገና ወጣት ሴት፣ "እኔም ቴሌቪዥን ካላስጮህኩ አይሰማኝም" አለቻት። ሌላዋም፣ ሌላዋም። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ወደ ክሊኒኩ ገቡ። ነርሷ ስታያቸው ከመቀመጫዋ ተነሳች።

ባለቤቴ ነች የተናገረችው፦ "የማንንም ምስጢር አውጪ አላልንሽም። እያንዳንዳችን የራሳችንን ጆሮ ነው የጠየቅነው። አንዷ የራሷን ስትጠይቅ እንዳትሰጪ ማን አዘዘሽ?"

ነርሷ በሩን ዘጋች አለችኝ፣ መሳቢያ ከፈተች። "እኔም እኮ በየዓመቱ ስመረምራችሁ ሲወርድ አያለሁ" አለች። "ጽፌ ወደ ላይ እልካለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል። አንድ ሰው መጥቶ እንዲጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው።" የሁሉንም ፎቶ ኮፒ አነሳች።

ወረቀቱን አየሁት። በተቀጠረችበት ዓመት ሁለቱም ጆሮ "ጤነኛ" ይላል። ከዚያ በየዓመቱ እየወረደ፣ እየወረደ።

እኔ እነዚያን ዓመታት ሁሉ "ይህቺ ሴት ሆን ብላ ነው የማትሰማኝ" ስል ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ

አንገት በላይ ሐኪሟ ጋ አብሬ ሄድኩ፤ ተከትዬ ማለት ይሻላል። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። ከመጀመሪያው ወንበሯን ወደ ባለቤቴ አዙራ ተቀመጠች፣ እኔን ማየትም አላየችኝ። መስታወት ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ማዳመጫ አድርጋ መረመረቻት። ባለቤቴ በሰማች ቁጥር እጇን ታነሳለች። ከውጭ ቆሜ እጇን እጠብቃለሁ። እጇ ሳይነሳ የሚያልፈው ጊዜ ረጅም ነው። ያኔ ድምፅ አለ ማለት ነው፤ እኔ ጋም አይሰማም፣ እሷ ጋም አይሰማም።

ከዚያ ሐኪሟ በወረቀቱ ላይ የሚወርደውን መስመር አሳየቻት። "ዕድሜ የሚያዳክመው ጆሮ እንደ ቁልቁለት ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ጩኸት የጎዳው ግን እዚህ ጋ ይጎደጉዳል፣ አዩት? የመግል በሽታ ደግሞ ሌላ ነው፣ ታምቡሩ ላይ ጠባሳ ይተዋል። የእርስዎ ታምቡር ንጹሕ ነው።" ሁሉንም ጽፋ ፈረመች።

ከወጣን በኋላ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። "ምንም አይደለም" አለች። "ሆን ብላ ነው ስትሉኝ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። እብድ አይደለሁም ማለት ነው። ጩኸቱ ነው። እብድ አልሆንኩም።" እጄን ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ ይዛው ተቀመጠች።

ዓርብ

ኢንሹራንሱ "ኮሚቴ ፊት ቅረቡ" አለ። ሁለት የኢንሹራንሱ ሰዎችና አማካሪ ሐኪማቸው። ያቺ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሠራተኛም ጥግ ላይ ትጽፋለች።

አማካሪው ሐኪም የመጀመሪያውን ወረቀት አንስቶ ወደኔ ዞረ። "ባለቤትዎ በልጅነታቸው ጆሯቸውን ያማቸው ነበር ይላል። ይህን እንዴት ያዩታል?"

አፌን ከፈትኩ። እሷ ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘረጋች። "እኔን ይጠይቁኝ። የተጎዳው የእኔ ጆሮ ነው። ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው።"

ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እሷ ዞረ፣ ደገመው።

"የታመመችው ታናሽ እህቴ ናት" አለች። "ሐኪሙ ሲጠይቀኝ የመለሰው ባለቤቴ ነው። እሱ ወሬ ይቀላቅላል እንጂ አይዋሽም። ይኸውና፤ ስቀጠር የተመረመርኩት፣ ይኸውና የየዓመቱ፣ ይኸውና አሁን የሐኪሟ። የትኛው ዓመት ላይ ነው መግል ያያችሁት?"

ሁሉም ወደኔ አዩ። ተነሳሁ። "እኔ ነኝ ያልኩት" አልኩ። "ስለ እህቷ የሰማሁትን ነው በእሷ ላይ የተናገርኩት። እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ አላስናገርኳትም።" ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። በሕይወቴ አጭሩ ንግግሬ ሳይሆን አይቀርም።

ጥግ ላይ ያለችው ሠራተኛ መጻፏን አቆመችና ባለቤቴን ቀና ብላ አየቻት።

ሰኞ፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ

መልስ መጣ። ጉዳቱ ከሥራው መምጣቱን ተቀብለዋል። ከካሳው ላይ "ለዕድሜ" ብለው ቀነሱ። ልጄ ተናደደች፣ ይግባኝ እንበል አለች። ባለቤቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ አስገባች። "እላለሁ" አለች፤ "ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ደክሞኛል።" መሣሪያውን ግን ሙሉ ይገዛሉ።

ያቺ ወጣት ሸማኔ ማታ መጣች፣ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ። የራሳቸውን ማመልከቻ ሊጀምሩ ነው። ባለቤቴ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ስትነግራቸው ሻይ አቀረብኩ። አንድም ነገር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ከባድ ነው፤ ግን ይለመዳል መሰለኝ።

ሐሙስ

መሣሪያውን ዛሬ ገጠሙላት። የባለሙያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሰውየው ሁለቱንም ጆሮዋ ላይ አስተካክሎ የሆነ ነገር ተጫነ። እሷ ብድግ ልትል ደረሰች። ከዚያ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ። የወንበሩ ሲጥ ማለት፣ የኮሪደሩ ጫማ፣ የራሷ ትንፋሽ ሳይቀር ያስደነግጣት ነበር።

"አሁን የሚያውቁትን ድምፅ እንስማ" አለ ባለሙያው፣ ወደኔ እየተመለከተ። "አባት፣ የሆነ ነገር ይበሏቸው።"

እሷ ዓይኗን ጨፈነች። አፌን እንዳታይ ነው መሰለኝ፣ በጆሮዋ ብቻ ልትሰማኝ።

ስንት ዓመት የቀዳደድኩት ወሬ ሁሉ የት ገባ? "ይኸው እዚህ ነኝ" አልኩ በመጨረሻ። "በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዝናቡ አባርቷል።"

ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች።

"ድምፅህ አርጅቷል" አለች።

ያንቺም ልላት ነበር። ግን የእሷን ድምፅ በየቀኑ ስሰማው ስለኖርኩ መቼ እንዳረጀ አላውቅም።